ስም ያልተገኘላቸው በሽታዎች እንዴት ይመረመራሉ?

ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብላ የምትገኘው ቤተስዳ ለአካባቢው አበሻ እንግዳ ከተማ አይደለችም። ብዙ ኢትዮጵያዊ ከሚኖርባት ከሲልቨር ስፕሪንግ ጋር ጎረቤት ናት። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት (ኤንአይኤች) ዋና ግቢ እዚያ ነው ያለው። በዚህ ግቢ በ2008 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ነው) አንድ ለየት ያለ ፕሮግራም ተጀመረ። መሥራቹ ዶክተር ዊልያም ጋል የሕፃናት ሐኪምና የዘረመል ተመራማሪ ናቸው። ፕሮግራሙ የሚቀበለው ከሆስፒታል ሆስፒታል ተንከራቶ የበሽታውን ስም የሚነግረው ያጣ ሰው ነው።

እንዲህ ያሉ ታማሚዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዱ ያለበት በሽታ በሕክምናው ዓለም ይታወቃል፤ ግን ጥቂት ሰው ብቻ ስለሚይዝ ሐኪሙ አይቶት አያውቅም። ሌላው ደግሞ ከነጭራሹ ማንም ያልመዘገበው በሽታ ይኖርበታል። ጥቂት ሰው የሚይዘው በሽታ ብርቅዬ በሽታ ይባላል፤ በአሜሪካ ሕግ በአገሪቱ ከ200,000 ያነሰ ሰው የሚይዝ በሽታ በዚህ ጎራ ይመደባል። አውሮፓ ከ10,000 ሰው ከ5 ያልበለጠ ይላል። በሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ በሽታዎች አሉ። አብዛኞቹ ከዘር የሚመጡ ናቸው፤ ብዙዎቹም በልጅነት ይጀምራሉ።

ወደ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ መሄድ አይቻልም። ሐኪም ደብዳቤ ይጽፋል። የቆየው የሕክምና መዝገብ፣ ፎቶውና የላብራቶሪ ውጤቱ አብሮ ይላካል። ባለሙያዎች አንብበው ይወስናሉ። የተመረጠው ታማሚ ለአንድ ሳምንት ያህል ግቢው ውስጥ ይቆያል። የነርቭ፣ የልብ፣ የዓይን፣ የቆዳ ሐኪም ሁሉ እዚያው ያየዋል። ለዚህ ከታማሚው ገንዘብ አይጠየቅም።

መጀመሪያ ከተፈቱት እንቆቅልሾች አንዱ በ2011 ይፋ ሆነ። ታማሚዎቹ እግራቸውን ክፉኛ ያማቸዋል፤ ትንሽ እንደተራመዱ መቆም ግድ ይላቸዋል። ሲታዩ ከወገብ በታች ያሉት የደም ቧንቧዎቻቸው በካልሲየም ደድረዋል። የእጅና የእግር መገጣጠሚያቸው አካባቢም እንዲሁ። የልባቸው ቧንቧዎች ግን ደህና ናቸው። ኮሌስትሮል ነው እንዳይባል ነገሩ አይገጥምም። ከታማሚዎቹ አምስቱ የአንድ እናትና አባት ልጆች ነበሩ፤ ወላጆቹ ግን ጤነኞች ናቸው። ተመራማሪዎቹ ከዚህ ተነስተው ልጆቹ ከእናትም ከአባትም አንድ ዓይነት የተበላሸ ዘረመል ወርሰው ይሆናል ብለው ጠረጠሩ። ወላጆቹም የሩቅ ዘመዳሞች ሆነው ተገኙ። ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚያጋባ የአገራችን ሽማግሌ ይህን ሲሰማ አይደነቅም።

ችግሩ ኤንቲ5ኢ የተባለው ዘረመል ላይ ነበር። ይህ ዘረመል ሲዲ73 የሚባል ፕሮቲን ያሠራል። ፕሮቲኑ ደግሞ አዴኖሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለማምረት ይረዳል። አዴኖሲን ሲጠፋ የቧንቧው ግድግዳ ካልሲየም ያጠራቅማል። ይህን ያረጋገጡት ከታማሚዎቹ ቆዳ ሕዋስ ወስደው ላብራቶሪ ውስጥ በማሳደግ ነው። ሕዋሶቹ ካልሲየም ሲያከማቹ ታየ። ጤነኛውን ዘረመል ሲያስገቡላቸው ነገሩ ቀነሰ። በዚያ ጥናት ከሦስት ቤተሰብ 9 ታማሚዎች ተገኝተዋል።

ቁም ነገሩ ሦስት ቤተሰብ መገኘቱ ላይ ነው። የማንኛችንም ዲኤንኤ ቢነበብ ከሌላው ሰው የሚለዩ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቦታዎች ይገኙበታል። አብዛኞቹ ምንም አያመጡም። አንድ ታማሚ ላይ አንድ ለውጥ ስለታየ ብቻ በሽታው ከዚያ ነው ማለት አይቻልም። ዝምድና የሌለው፣ ያው ሕመምና ያው ዘረመል ያለበት ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። ሰውዬው ቶኪዮ ወይም ሮም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የየአገሩ ተመራማሪዎች መረጃ የሚያመሳስሉባቸው የኮምፒውተር መድረኮች ተፈጥረዋል። ሁለተኛ ሰው ካልተገኘ የፍራፍሬ ዝንብ አለች። ያንኑ ለውጥ በዝንቧ ላይ አድርገው ምን እንደምትሆን ያያሉ። ሂዩስተን የሚገኘው የቤይለር ሕክምና ኮሌጅ በዚህ ሥራ ይታወቃል።

የቤተስዳው ፕሮግራም በኋላ ወደ ሌሎች የአሜሪካ ሆስፒታሎች ሰፍቶ መረብ ሆነ። መረቡ በመጀመሪያዎቹ 20 ወራት የሠራው በ2018 ታትሟል። 1,519 ሰው አመልክቶ 601 ተቀባይነት አገኘ። ምርመራቸው ከተጠናቀቀ 382 ሰዎች መካከል 132ቱ የበሽታቸውን ስም አወቁ። 35 በመቶ ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል? እነዚህ ሰዎች እኮ ሌላው ሐኪም ሁሉ ያቃተው ናቸው። ከ132ቱ 98ቱ መልስ ያገኙት ዲኤንኤያቸው ተነብቦ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው፤ 15ቱ የተፈቱት ሐኪሞች መዝገቡን እንደ አዲስ በጥሞና ስላዩት ብቻ ነው።

ስሙ ቢታወቅ መድኃኒት ከሌለው ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። ከ132ቱ 21 በመቶው ሕክምናቸውን እንዲቀይሩ ተመክረዋል። ለቀሩትም ቢሆን ማለቂያ የሌለው ምርመራ ይቀራል። ወላጅ ቀጣዩ ልጅ ምን ያህል ስጋት እንዳለበት ያውቃል። እናትም "ምን በልቼ ነው፣ ምን አጥፍቼ ነው" እያለች ራሷን መውቀስ ታቆማለች፤ ለእኔ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ለእኛ ግን አንድ እንቅፋት አለ። ዲኤንኤ የሚመሳከርባቸው የመረጃ ቋቶች በብዛት የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች መረጃ የተሞሉ ናቸው። የአንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ ውጤት ሲመጣ፣ አገሩ ላይ ብዙ ጤነኛ ሰው ያለው ለውጥ እንደ ብርቅ ሊታይ ይችላል። ያኔ ወረቀቱ "ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ" ይላል፤ ቤተሰቡም ባለበት ይቀራል። በ2020 የወጣ የአፍሪካ ጥናት ከ50 ብሔረሰቦች የ426 ሰዎችን ዲኤንኤ አንብቦ ቀድሞ ያልተመዘገቡ ከ3 ሚሊዮን በላይ ለውጦች አግኝቷል። ክፍተቱ ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ሌላው ጉዳይ የቤተሰብ ታሪክ ነው። ሐኪሙ በልጅነቱ የሞተ አጎት ወይም አክስት ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል። እኛ ቤት የሞተ ሕፃን ብዙም አይነሳም። ቢነሳም "ዓይን በልቶት ነው" ተብሎ ይታለፋል። አያትን ቀድሞ አባብሎ ጠይቆ መሄድ ይሻላል፤ ሦስት ልጆች ተመሳሳይ ምልክት አሳይተው ሞተው ከነበረ ለመርማሪው ትልቅ ፍንጭ ነው።

መልስ ያላገኘ ታማሚ ፋይሉ ለሁልጊዜ አይዘጋም። አዳዲስ ዘረመሎች ከበሽታ ጋር መያያዛቸው በየጊዜው ስለሚታወቅ የድሮው ንባብ ከዓመታት በኋላ እንደገና ይታያል። አዲስ ደም ሳይቀዳ፣ ያው የቆየ መረጃ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ አለ።