ያላለቀውን ገመድ አስቀምጦ የተነሣው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው አባባል ለሌላው ሰው የደስታ ቃል ነው፤ ለልብስ ሰፊ ግን ቀን የተቆረጠለት ዕዳ ነው። ታኅሣሥ ከገባ ጀምሮ የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ የሚፈልገው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ጥር 10፣ ታቦት ከመውጣቱ በፊት። እኔ ሱቅ የለኝም። የስፌት መኪናዬ ያለችው ሳሎናችን ውስጥ መስኮቱ ሥር ነው። ዘንድሮ ቀብድ የተቀበልኩባቸውን ቀሚሶች ብቆጥራቸው መስፋት ከምችለው በዘጠኝ ይበልጡ ነበር። ስቀበል አውቀው ነበር። እያወቅሁ «ይደርሳል» አልኩ።

በከተራ ዕለት እልልታው በመስኮቱ ሲገባ እኔ ጥለት እየገጠምኩ ነበር። ልጄ መጥታ «አባዬ፣ ታቦት እያለፈ ነው» ብላ እጄን ስትስበኝ «አንዴ ቆዪ፣ ይህችን እጅጌ ልጨርስ» አልኳት። እጅጌው አለቀ፤ ታቦቱም አለፈ። በሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ሰብስቤ «ዘመኑን ዋጁ» እያልኩ የማስተምረው እኔ ነኝ።

ጥር 22 ለቅዱስ ዑራኤል በዓል ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ነበር። በዚያው ዕለት የመነኮሳት አባት ቅዱስ እንጦንስም ይታሰባል፤ በዑራኤል በዓል ድምቀት መካከል ስሙን የሚያነሣው ግን ጥቂት ነው። እርሱ በዚህ ቅር የሚለው አይመስለኝም፤ በረሃ የወረደው ሰው እንዳያየው ነውና። ወንጌል እየተነበበ ከፊቴ የቆመች አንዲት እኅት ስልኳን በነጠላዋ ሸፍና «ሃምሳ እንጀራ ለእሑድ? እሺ፣ ይደርሳል» ስትል ሰማሁ። ልቆጣ አፌን ስከፍት ያቺ በከተራ ዕለት የሰፋኋት እጅጌ ትዝ አለችኝ። «ይደርሳል» የምትለው ቃልም የእኔው ነበረች።

ስለዚህ አባታችንን እናንሣ። ቅዱስ እንጦንስ ግብፃዊ ነው። ወጣት ሳለ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ «ፍጹም ልትሆን ብትወድ፣ ሂድና ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ» የሚለው ወንጌል ሲነበብ ሰማ፤ ወጥቶም እንደ ቃሉ አደረገ። ቅዱስ አትናቴዎስ እንደ ጻፈልን 105 ዓመት ኖረ። በእጁ ይሠራ ነበር፤ ከሚያገኘውም ከፊሉ ለእንጀራው፣ ከፊሉ ለችግረኛ ይውል ነበር። እንግዲህ በዘመኑ ቋንቋ ስናወራ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ነበር ማለት ነው።

አንድ ቀን በበረሃ ሳለ ስልቹነት ያዘው፤ አሳብ በአሳብ ላይ ተደራረበበት። «ጌታ ሆይ፣ መዳን እወዳለሁ፤ አሳቤ ግን አልተወኝም፤ ምን ላድርግ?» አለ። ጥቂት ወጣ ሲል እንደ ራሱ ያለ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጎነጉን አየ። ያ ሰው ከሥራው ተነሥቶ ጸለየ። ደግሞ ተቀምጦ ጎነጎነ። ደግሞ ተነሥቶ ጸለየ። ሰው መስሎ የታየው የእግዚአብሔር መልአክ ነበር፤ «እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ» ተባለ። አባታችንም ይህን ሰምቶ ደስ አለው፤ በረታም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! «ሥራና ጸሎት አብረው ይሄዳሉ» ብዬ አስተምሬ አልፈዋለሁ። ዘንድሮ ግን አንድ ነገር ያዘኝ። መልአኩ ስንት ክንድ ገመድ እንደ ጎነጎነ አልተጻፈም። የተጻፈልን መቀመጡና መነሣቱ ነው። ሲነሣ ገመዱ አላለቀም ነበር፤ ተመልሶ የተቀመጠው እኮ እዚያው ገመድ ላይ ነው። ያላለቀ ሥራ አስቀምጦ መነሣት ቻለ።

እኛ የማንችለው ይህን ነው። መሥሪያ ቤት የሚውል ሰው በአሥራ አንድ ሰዓት ቢሮው ይዘጋበታል፤ አለቃውም ይወጣል። ቤቱ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ማን ይዘጋለታል? መኪናዋ መስኮቱ ሥር ናት፣ ምጣዱ ማድቤት ነው፣ ስልኩ ትራስ ሥር ነው። «ይህችን ብቻ ልጨርስ» ያለ ሰው እኩለ ሌሊት ላይም እርሷኑ ይላል። ለዚህ ነው አባቶቻችን ቀኑን በሰባት የጸሎት ጊዜ የከፈሉት፤ ነቢዩ ዳዊት «ስብዐ ለዕለትየ እሴብሐከ»፣ በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ፣ እንዳለ። ነግህ አለ። ሦስት ሰዓት አለ፣ መንፈስ ቅዱስ የወረደበት። ስድስት ሰዓት አለ፣ ጌታ የተሰቀለበት። ዘጠኝ ሰዓት አለ፣ ነፍሱን በፈቃዱ የሰጠበት። ከዚያ ሠርክ፣ ንዋም (የመኝታ ጊዜ)፣ መንፈቀ ሌሊት። የእኛ አገር ሰዓት አቆጣጠርም የሐዋርያት ነው፤ ሦስት ሰዓት ስንል እነርሱ ሦስት ሰዓት ያሉትን ማለታችን ነው። በአሜሪካና በአረብ አገር ሆናችሁ በየቤታችሁ እንጀራ የምትጋግሩ፣ የግድግዳው ሰዓት ጠዋት ዘጠኝ ሲል ሦስት ሆኗልና ተነሡ። ቆሞ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ማድረስ በመርፌ ክር ከመሰካት ብዙም አይረዝም። ዓይኑ ለደከመ ሰው እንዲያውም ያጥራል።

«ሥራዬ ጸሎቴ ነው» የምትሉ አላችሁ። እኔም ብዬዋለሁ፤ ደስ የምትል ቃል ናት። ነገር ግን መልአክ እንኳ ገመዱን አስቀምጦ ከተነሣ እኛ ከእርሱ በልጠን ነውን? «ዘመኑን ዋጁ» የሚለውንም ሐዋርያዊ ቃል ለስስታችን ጥቅስ አደረግነው። መዋጀት ቤዛ ከፍሎ ምርኮኛን ማስለቀቅ ነው። የሚዋጅ ሰው ከኪሱ ያወጣል። እኛ ግን ዘጠኙን ሳንጨርስ አሥረኛ የሥራ ትእዛዝ እየተቀበልን፣ ልጆቻችንን «ቆዩ» እያልን፣ ዘመናችንን ለሁለተኛ ጊዜ ሸጥነው፤ በቀብድ! የዋሸንበትስ? ጌታ «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» ብሏል። እንደማይደርስ እያወቁ «ይደርሳል» ማለት የጊዜ አያያዝ ጉድለት ይመስለን ነበር። ንስሐ የሚገባበት ኃጢአት ነው። እኔ ለንስሐ አባቴ ስናገር አፈርኩ፤ እርሳቸው ግን አልተገረሙም፤ ይህን የሚናገር ብዙ ነው መሰለኝ።

ያቺን እኅት ግን ከቅዳሴ በኋላ አነጋገርኳት። ልጅ አዝላ የምትጋግር ናት። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርግ የለምና ትእዛዙ ሁሉ አሁን ይከመርባታል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሌሊቱን ትነሣለች። ከዚህ ሁሉ የሚከብዳት ምን እንደ ሆነ ብጠይቃት «ቤት ነው የምትውለው ይሉኛል» አለችኝ። ጎረቤት ልጅ ጠብቂልን ይላታል፣ ዘመድ ቡና አፍዪ ይላታል፣ ባል ከሥራ ሲገባ «ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ይላታል። እናንተ ባሎች፣ እናንተ ጎረቤቶች፣ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ሥራ ላይ ነው! የእርሷን ሰዓት የሰረቃችሁት እናንተ ሆናችሁ ሳለ በቅዳሴ ስልክ አነሣች ብላችሁ አትፍረዱባት። ፈራጁ እኔም ነበርኩ።

እኅቴ፣ አንቺ ከእኔ የተሻለ ታውቂዋለሽ። አብሲት ጥለሽ ሊጡ ኩፍ እስኪል ስትጠብቂ ማን ሰነፍ አለሽ? ቸኩለሽ ብትጋግሪው ዓይን አያወጣም። ያንን መጠበቂያ ለራስሽም ስጪ፤ ቁጭ በዪ፣ ልጅሽን አጥቢ፣ ውዳሴ ማርያምሽን አድርሺ። ቅዱስ እንጦንስ ከወንድሞች ጋር ሲጫወት ያየ አንድ አዳኝ በነገሩ ተሰናክሎ ነበር። አባታችን ቀስትህን ሳብ አለው፤ ሳበ። ጨምር አለው፤ ጨመረ። ደግሞ ጨምር ሲለው «ከልክ በላይ ከሳብኩትማ ይሰበራል» አለ። «የእግዚአብሔርም ሥራ እንዲሁ ነው» አለው፤ ከመጠን በላይ ከተወጠሩ ወንድሞች ይሰበራሉና። ስለ በረሃ መነኮሳት ይህ ከተባለ፣ ሌሊት ስትጋግሪ አድረሽ ቀን ጥቂት ብትተኚ አትሳቀቂ።

እኔ አሁን በሳምንት የምሰፋውን ቁጥር በደብተሬ ጽፌያለሁ፤ ሲሞላ ቀብድ አልቀበልም። ስልኬ በመሳቢያ ውስጥ ናት፤ በሦስትና በዘጠኝ ሰዓት ከጸሎት በኋላ እከፍታታለሁ። ትናንት አንዲት የቆየች ደንበኛዬ ለፋሲካ አምስት ቀሚስ ልታዝ መጣች። «ሦስቱን እችላለሁ» አልኳት። ተቆጥታ ጨርቁን ሁሉ ይዛ ሄደች፤ አልዋሻችሁም፣ ገንዘቡ ቆጭቶኛል። ጥቂት ቆይቶ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ልጄ ነች ያስታወሰችኝ። እጅጌውን መርፌው ሥር እንዳለ ትቼው ተነሣሁ፤ እርሷም ነጠላዋን አጣፍታ አጠገቤ ቆመች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።