ኢ-ሪደር ወይስ የወረቀት መጽሐፍ?

ኢ-ሪደር ለማንበብ ብቻ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ ነው። ብዙ ሰው ከታብሌት ጋር ያምታታዋል፤ ልዩነታቸው ግን ገና ከስክሪኑ ይጀምራል። ስልክና ታብሌት የራሳቸውን ብርሃን ወደ ዓይን ይለቃሉ። የኢ-ሪደር ገጽ ግን እንደ ወረቀት የሚታየው ከውጭ በሚያርፍበት ብርሃን ነው። ጠራራ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ቢያነቡበት ፊደሉ ይበልጥ ይጠራል እንጂ አይጠፋም። ለጨለማ ደግሞ አብዛኞቹ አዳዲስ ሞዴሎች ጠርዛቸው ላይ ትንንሽ መብራቶች አሏቸው።

አሠራሩ ጠጋ ብለው ሲያዩት ይገርማል። በስክሪኑ ውስጥ የፀጉር ውፍረት የሚያክሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንክብሎች ተደርድረዋል። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች ፈሳሽ ላይ ይንሳፈፋሉ። ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው አንዱ ቀለም ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ይወርዳል። አንዴ ቦታቸውን ከያዙ ያለ ኤሌክትሪክ እዚያው ይቆያሉ። ባትሪው በዋናነት የሚሠራው ገጽ ሲገለጥ ስለሆነ አንድ ቻርጅ ሳምንታት ይዘልቃል። ቴክኖሎጂውን ለገበያ ያበቃው ኢ-ኢንክ የተባለው ኩባንያ የተመሠረተው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሶኒ በ2004 ጃፓን ውስጥ የመጀመሪያውን ማንበቢያ ሸጠበት። በ2007 አማዞን ኪንድል የተባለውን ኢ-ሪደር ሲያወጣ ነገሩ በሰፊው ታወቀ።

የቱ ይሻላል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው መጽሐፉ ላይ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ አቅጣጫ የሚነበብ ልቦለድ ኢ-ሪደር ላይ ምንም አይጎድልበትም። ወደ ኋላ እየተመለሱ፣ ሠንጠረዥ ከማብራሪያ እያመሳከሩ የሚያጠኑት መጽሐፍ ግን ለወረቀት ይሁን። ጣት በሁለት ገጾች መካከል ይገባል፤ ዓይን ደግሞ «ያ ነገር ከግራው ገጽ ታች ነበር» ብሎ ያስታውሳል። በ2018 የወጣ አንድ ትንተና 54 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲያይ፣ መረጃ ሰጪ ጽሑፍን ከስክሪን ይልቅ ከወረቀት ያነበቡት የተሻለ ተረድተው ተገኙ፤ በተለይ ሰዓት ሲገደብ። በትረካ ላይ ልዩነት አልታየም።

ገዢው ብዙም የማያስበው፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ፣ የባለቤትነት ጉዳይ ነው። የወረቀት መጽሐፍ ከገዙ የእርስዎ ነው። ያውሱታል፣ ይሸጡታል፣ ለልጅ ያወርሱታል። ከትልልቆቹ የኢንተርኔት መደብሮች ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ሲገዙ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት የማንበብ ፈቃድ ብቻ ነው። በ2009 አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን «1984» የተባለ ልቦለድ ሰዎች ከገዙት በኋላ ከየመሣሪያቸው ላይ በርቀት አጠፋው። ምክንያቱ ፋይሉን ለሽያጭ ያቀረበው ወገን መብቱ አልነበረውም የሚል ነበር። ገንዘቡ ተመለሰ፣ ኩባንያውም ይቅርታ ጠየቀ። በ2019 ደግሞ ማይክሮሶፍት የመጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ የተገዙት መጻሕፍት ሁሉ አብረው ጠፉ። ገንዘብ ተመልሷል፤ ግን ቤትዎ የገባን መጽሐፍ ማንም መጥቶ ከመደርደሪያ ላይ ሊያነሳው አይገባም። ደጋግመው የሚመለሱበትን መጽሐፍ በወረቀት ይግዙ። ወይም ፋይሉን ከመቅዳት የሚከለክል ቁልፍ ሳያደርጉበት ከሚሸጡት ገዝተው ፋይሉን ራስዎ ጋ ያስቀምጡ።

ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ሚዛኑ በግልጽ ወደ ኢ-ሪደር ያዘነብላል። ፊደሉን የፈለጉትን ያህል ማጉላት ይችላሉ። በትልልቅ ፊደል የሚታተሙት የወረቀት መጻሕፍት ግን ጥቂት ናቸው።

መሣሪያውን ለመግዛት ከወሰኑ፣ በእጅዎ ያሉት ፋይሎች ምን ዓይነት እንደሆኑ አስቀድመው ይዩ። ኢፐብ (EPUB) የተባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፋይል ከስክሪኑ ስፋት ጋር ራሱን ያስተካክላል። ፒዲኤፍ ግን ገጹ እንደታተመ የቆመ ነው። ስድስት ኢንች ስክሪን ላይ ፊደሉ ይደቅቃል፤ ሲያጎሉት ደግሞ መስመሩ ከስክሪኑ ያልፍና በየመስመሩ ወዲያና ወዲህ መግፋት ይመጣል። ንባብዎ በአብዛኛው ፒዲኤፍ ከሆነ አሥር ኢንች ገደማ የሆነውን ይፈልጉ።