ሁለት ሞኒተር፣ አንድ የሚርገበገብ ብራውዘር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአንዱ ሞኒተር ላይ ሥራችሁ ተዘርግቷል፤ በሌላው ላይ ብራውዘር ተከፍቷል። ሁሉም ሰላም ነው። ገጹን ወደ ታች ማንሸራተት ስትጀምሩ ወይም ቪዲዮ ስትከፍቱ ግን ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ይላል። አንዳንዴ የሚርገበገበው የብራውዘሩ መስኮት ብቻ ነው። አንዳንዴ ሞኒተሩ በሙሉ ነው። ሲብስ ደግሞ ሁለቱም ለአፍታ ጠቁረው ይመለሳሉ።

ለማንም ብትነግሩት ምክር አያጣም። «ድራይቨር አፕዴት አድርግ»፣ «ካርድህ አልቻለም»፣ «ክሮምን አጥፍተህ እንደገና ጫን»። ምክሮቹ ከንቱ አይደሉም። ችግራቸው በሽታው የት እንዳለ ሳይጠይቁ መድኃኒት ማዘዛቸው ነው። ምስሉ ከድረ ገጽ ተነስቶ ዓይናችሁ ጋ እስኪደርስ በብዙ እጅ ያልፋል። ብራውዘሩ ይስለዋል። ዊንዶውስ ከሌሎቹ መስኮቶች ጋር ያዋህደዋል። ግራፊክስ ካርዱ ወደ ኬብሉ ይልከዋል። ሞኒተሩ ያሳየዋል። መጀመሪያ መለየት ያለበት ከነዚህ የትኛው ላይ እንደተበላሸ ነው።

«ብራውዘር ላይ ብቻ ስለሚታይ ጥፋተኛው ብራውዘሩ ነው»

ብዙ ጊዜ አይደለም። በተራ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ግራፊክስ ካርዱን ደጋግሞ የሚያሠራው ብራውዘር ነው። የጽሑፍ ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ብራውዘር ግን ይንሸራተታል፣ ቪዲዮ ያጫውታል፣ ማስታወቂያ ያንቀሳቅሳል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው በካርዱ እየታገዘ ነው። ስለዚህ የድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ወይም የዊንዶውስ ችግር ካለ መጀመሪያ ብቅ የሚለው እዚያ ላይ ነው።

ለመለየት ማይክሮሶፍት ራሱ የሚመክረው ቀላል ሙከራ አለ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። መስኮቱን ወደሚርገበገበው ሞኒተር ጎትቱና ከብራውዘሩ ጎን አስቀምጡት። አሁን ገጹን እያንሸራተታችሁ ዓይናችሁን ታስክ ማናጀሩ ላይ አድርጉ። እሱም አብሮ ከተርገበገበ ድራይቨሩን ጠርጥሩ። ብራውዘሩ ሲርገበገብ እሱ ንቅንቅ ካላለ፣ ነገሩ ከፕሮግራሙ ጋር የተያያዘ ነው።

ሌላ ብራውዘር መሞከርም ጥሩ ነው፤ ግን የትኛውን? ከክሮም ወደ ኤጅ ሄዶ «እዚያም ያው ነው» ማለት ብዙ ትርጉም የለውም። ክሮም፣ ኤጅ፣ ኦፔራ፣ ብሬቭ ሁሉም ክሮሚየም በሚባለው አንድ መሠረት ላይ የተሠሩ ናቸው። ወንድማማቾችን ነው ያወዳደራችሁት። ፋየርፎክስ የራሱ ሞተር ስላለው እውነተኛ ማነጻጸሪያ የሚሆነው እሱ ነው።

«ሀርድዌር አክስለሬሽንን አጥፋው፣ አለቀ»

ሀርድዌር አክስለሬሽን ብራውዘሩ በግራፊክስ ካርዱ እየታገዘ እንዲሠራ የሚያደርገው ቅንብር ነው። እሱን ማጥፋት በጣም የተለመደው ምክር ነው፤ ብዙ ጊዜም «ይሠራል»። ክሮም ላይ ሴቲንግስ ገብታችሁ ሲስተም በሚለው ስር ታገኙታላችሁ። ፋየርፎክስ ላይ ጀነራል ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለው ጋ ነው፤ መጀመሪያ «የሚመከሩትን ቅንብሮች ተጠቀም» የሚለውን ምልክት ማንሳት ያስፈልጋል። ከዚያ ብራውዘሩን ዘግቶ መክፈት ነው።

መርገብገቡ ቆመ እንበል። ምን አወቃችሁ? ችግሩ ብራውዘሩና ግራፊክስ ካርዱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ መሆኑን ነው። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። መፍትሔ ነው ብሎ እዚያው መተው ግን ዋጋ ያስከፍላል። ካርዱ ይሠራው የነበረው ሥራ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ከፍ ያለ ጥራት ያለው ቪዲዮ ስትከፍቱ ፋኑ መጮህ ይጀምራል፣ የላፕቶፕ ባትሪ ቶሎ ያልቃል፣ ገጹም እንደ ድሮው አይንሸራተትም። እኔ ብሆን እንደ መመርመሪያ ተጠቅሜበት መልሼ አበራዋለሁ።

ካበራችሁት በኋላ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው፦ ክሮም ዊንዶውስ ላይ አንግል የሚባል አስተርጓሚ ይጠቀማል፤ በነባሪነት ትእዛዙን የሚያስተላልፈው ዳይሬክት ስሪዲ 11 በሚባል የግራፊክስ ቋንቋ በኩል ነው። የክሮም የሙከራ ቅንብሮች የሚገኙበት ፍላግስ የሚባል ገጽ ላይ ምርጫው በእትማችሁ ላይ ካለ፣ ይህን ኦፕን ጂኤል ወደሚባለው ሌላ ቋንቋ መቀየር ይቻላል። አክስለሬሽኑ ሳይጠፋ መንገዱ ብቻ ይቀየራል።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ዊንዶውስ ከ8.1 ጀምሮ ኤምፒኦ የሚባል አሠራር አለው። በተለመደው መንገድ ዊንዶውስ መስኮቶችን ሁሉ አንድ ምስል አድርጎ ያዋህዳቸውና ለሞኒተሩ ይልካል። ኤምፒኦ ሲኖር ግን አንዳንዱን ንጣፍ፣ ለምሳሌ የሚጫወት ቪዲዮን፣ ሳያዋህድ ለግራፊክስ ካርዱ ይሰጠዋል፤ ካርዱ ወደ ሞኒተሩ ሲልክ እግረ መንገዱን ይደርበዋል። ኃይል ይቆጥባል። ሐሳቡ ጎበዝ ነው። ካርዱ፣ ድራይቨሩና ሁለቱ ሞኒተሮች ካልተስማሙበት ግን መስኮቱ መርገብገብ ይጀምራል። ኤንቪዲያ ከ461.09 ጀምሮ ባሉ ድራይቨሮቹ ላይ አንዳንድ የዴስክቶፕ ፕሮግራሞች የመስኮታቸው መጠን ሲቀየር ሊርገበገቡ እንደሚችሉ ገልጾ፣ ኤምፒኦን የሚያጠፋና መልሶ የሚያበራ የሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ውስጣዊ ቅንብሮች ማከማቻ) ፋይል ራሱ አቅርቧል። ፋይሉን ከኤንቪዲያ የድጋፍ ገጽ ብቻ ውሰዱት። ከየትም የተገኘ የሬጂስትሪ ፋይል ሁለቴ ጠቅ ማድረግ ሌላ ጣጣ ነው።

«የሁለቱ ሞኒተሮች ሪፍሬሽ ሬት የግድ እኩል መሆን አለበት»

ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ለማረም ያስቸግራል።

ሪፍሬሽ ሬት ማለት ሞኒተሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስሉን እንደሚያድስ ነው፤ የሚለካውም በሄርዝ ነው። 60 ሄርዝ የሆነ ሞኒተር በየ16.7 ሚሊሰከንዱ አዲስ ምስል ይጠብቃል። 144 ሄርዝ የሆነው በየ6.9 ሚሊሰከንዱ። ሁለቱ ምት አይገጥሙም። የድሮው ዊንዶውስ 10 ይህን በደንብ አልቻለበትም ነበር፤ ዝግተኛው ሞኒተር ላይ ቪዲዮ ሲጫወት ፈጣኑ ይንተፋተፍ ነበር። በግንቦት 2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው 2004 የተባለው እትም ይህን በእጅጉ አሻሽሎታል። ስለዚህ ዛሬ የተለያየ ሪፍሬሽ ሬት መኖሩ ብቻውን ጥፋት አይደለም።

እንደ ሙከራ ግን ይጠቅማል። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ግቡ። ሁለቱንም ወደ 60 አውርዷቸውና ብራውዘሩን ተጠቀሙ። ምንም ካልተለወጠ ወደነበረበት መልሱት። ፈጣን ሞኒተር በገንዘባችሁ ገዝታችሁ እንደ ዝግተኛ መጠቀም የለባችሁም።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው የጎኑ ጎረቤት ነው፦ ጂ ሲንክ እና ፍሪ ሲንክ። እነዚህ ሞኒተሩ ፍጥነቱን እንደሚመጣለት ምስል እንዲቀያይር ያደርጋሉ። ለጌም ግሩም ናቸው። ነገር ግን የኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ላይ «ለሙሉ ስክሪንም ለመስኮትም» የሚለው ከተመረጠ፣ የብራውዘር መስኮትም እንደ ጌም ሊቆጠር ይችላል። ገጹ ሲቆም ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ሲንሸራተት ይወጣል። በተለይ ቪኤ እና ኦሌድ የሚባሉ የስክሪን ዓይነቶች ላይ ፍጥነቱ ሲለዋወጥ ድምቀቱም ትንሽ ይለዋወጣል፤ ዓይን ያንን እንደ መርገብገብ ያየዋል። ግራጫ ወይም ጨለማ ገጽ ላይ ነው በደንብ የሚታወቀው። «ለሙሉ ስክሪን ብቻ» ወደሚለው መቀየር በቂ ሊሆን ይችላል።

«ድራይቨር አፕዴት ማድረግ ሁሌም ይፈታዋል»

ችግሩ የጀመረው አፕዴት ካደረጋችሁ በኋላ ከሆነስ? አዲስ ድራይቨር አሮጌ ችግር እንደሚፈታ ሁሉ አዲስም ይዞ ይመጣል። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን ከፍታችሁ፣ የካርዱን ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ድራይቨር የሚለውን ስትነኩ «ሮል ባክ» የሚል ቁልፍ አለ። ወደ ቀድሞው ይመልሳችኋል።

ላፕቶፕ የምትጠቀሙ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። ብዙ ላፕቶፖች ሁለት ግራፊክስ አላቸው፤ አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተሠራ፣ ሌላው ራሱን የቻለ። የላፕቶፑ ስክሪን በአንዱ፣ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው በሌላው በኩል ሊሆን ይችላል። ብራውዘሩ በአንዱ ተስሎ በሌላው ይታያል ማለት ነው። አንዱን ድራይቨር ብቻ አድሳችሁ ሌላውን ከተዋችሁት ግማሽ ሥራ ነው የሠራችሁት። ዲስፕሌይ ሴቲንግስ ውስጥ ግራፊክስ የሚለው ጋ ገብታችሁ ብራውዘሩ በየትኛው ካርድ እንዲሠራ መምረጥም ይቻላል።

ለድንገተኛ ጊዜ፦ የዊንዶውስ ቁልፍን ከኮንትሮል፣ ሺፍት እና ቢ ጋር ስትጫኑ የግራፊክስ ድራይቨሩ ብቻ ሪስታርት ይሆናል። ስክሪኑ ጠቆር ብሎ ይመለሳል፤ የከፈታችሁት ነገር አይዘጋም።

«ካርዱ ሁለት ሞኒተር አልቻለም»

1920 በ1080 የሆነ አንድ ስክሪን ሙሉ ምስል በሜሞሪ ላይ የሚይዘው 8 ሜጋባይት ገደማ ነው። ሁለት ሲሆን 16። ይህ ለዘመኑ ካርድ ምንም አይደለም፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር ተሠርቶ ለሚመጣውም ቢሆን። ገንዘባችሁን ያዙ።

«ኬብል ዲጂታል ነው፤ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም»

በዚህ ብዙ ሰው ይሸወዳል። እውነት ነው፣ ዲጂታል ኬብል እንደ ድሮው ቪጂኤ ምስሉን አያደበዝዝም። ግን በመሥራትና ባለመሥራት መካከል ሰፊ ቦታ አለ። ኬብሉ የአቅሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ ምስሉ ይጠፋል፣ ይመለሳል፣ ነጠብጣብ ይረጫል።

4ኬ በ60 ሄርዝ ማሳየት በተለመደው ኤችዲኤምአይ 2.0 እስከ 18 ጊጋቢት በሰከንድ የሚችል መስመር ይፈልጋል። ከኤችዲኤምአይ 1.4 ዘመን የቀረ ኬብል የታሰበው ግን ቢበዛ ለ4ኬ በ30 ሄርዝ ነው። መሳቢያ ውስጥ የተገኘ አሮጌ ኬብል ሰክታችሁ «ሲከፈት እኮ ያሳያል» ብትሉ፣ ማሳየቱና ሳይቆራረጥ ማሳየቱ ለየቅል ነው። በዶክ (ብዙ ቀዳዳ ያለው ማገናኛ) ወይም በዩኤስቢ ሲ አስማሚ የምትሰኩም መጀመሪያ እሱን አውጥታችሁ በቀጥታ ሞክሩ።

ኬብሉን ለመፈተሽ አንድ ደንብ አለ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሞኒተሮቹን አትንኩ፤ ሁለቱን ኬብሎች ብቻ አቀያይሯቸው። ይህ የሚሆነው ሁለቱም ኬብሎች አንድ ዓይነት ሲሆኑ ነው። መርገብገቡ ኬብሉን ተከትሎ ወደ ሌላው ሞኒተር ከሄደ ጥፋተኛው ተያዘ።

ሞኒተሩን ለመፈተሽ ደግሞ የራሱን ቁልፎች ተጠቀሙ። ምስሉ እየተርገበገበ እያለ ከስር ወይም ከኋላ ያለውን ቁልፍ ተጫኑና የሞኒተሩን ሜኑ አውጡ። ያ ሜኑ ከኮምፒውተሩ አይመጣም፤ ሞኒተሩ ራሱ ነው የሚስለው። ከኋላው ያለው ገጽ እየተርገበገበ ሜኑው ቀጥ ብሎ ከቆመ ሞኒተሩ ደህና ነው፤ ችግሩ ከሱ በፊት ነው። ሜኑውም አብሮ ከተርገበገበ ወደ ሞኒተሩ ዙሩ።

አንድ የሚያስቅ ግን እውነተኛ ነገር ልጨምር። በጋዝ ከፍና ዝቅ የሚል የቢሮ ወንበር ላይ ስትቀመጡ ወይም ስትነሱ ሞኒተሩ ለሰከንድ ከጠቆረ፣ አላበዳችሁም። ወንበሩ የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ብልጭታ የቪዲዮ ኬብሉን ሊረብሸው ይችላል። ዲስፕሌይ ሊንክ የተባለው ኩባንያ ይህን በድጋፍ ገጹ ላይ አስፍሮታል። በደንብ የተሸፈነ ኬብል ይረዳል።

«ስክሪን ሪከርድ ላይ ካልታየ ችግር የለም»

ቀረጻው የሚይዘው ምስሉ ወደ ኬብሉ ከመግባቱ በፊት ያለውን ነው። በቀረጻው ላይ ከታየ ነገሩ ሶፍትዌር ነው፤ ኬብሉንና ሞኒተሩን ተዉአቸው። ካልታየ ግን ከዚያ በኋላ ያለ ነገር ሁሉ ይጠረጠራል፤ ኬብሉ፣ ሞኒተሩ፣ ቅድም ያልነው ጂ ሲንክ፣ ኤምፒኦም ጭምር፤ ምክንያቱም እሱ ንጣፎቹን የሚደርበው መጨረሻ ላይ ነው። ለባለሙያ ለማሳየት ከፈለጋችሁ በስልካችሁ ካሜራ ቅረጹት።

«ብልጭ ያለ ሁሉ መርገብገብ ነው»

ሦስት ነገሮች በስህተት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። አዲስ ገጽ ሲከፈት ነጭ ብልጭ ብሎ ወዲያው የሚጨልም ከሆነ፣ ገጾችን የሚያጠቁር ኤክስቴንሽን (ብራውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ዘግይቶ እየደረሰ ሊሆን ይችላል። በኢንኮግኒቶ (የክሮም የግል መስኮት) ሞክሩት፤ ካልፈቀዳችሁላቸው በስተቀር ኤክስቴንሽኖች እዚያ አይሠሩም።

ከነጭ ገጽ ወደ ጥቁር ስትሻገሩ ድምቀቱ ቀስ ብሎ የሚወጣ የሚወርድ ከሆነ ኃይል ቆጣቢ ቅንብር ነው። ዊንዶውስ 11 ብራይትነስ የሚለው ስር በይዘቱ መሠረት ድምቀት የሚቀይር ምርጫ አለው፤ ሞኒተሮችም ዳይናሚክ ኮንትራስት የሚሉት አላቸው። ሁለቱንም አጥፏቸው።

የመጨረሻው የሚከፈልበት ፊልም ስትከፍቱ ብቻ ሁለቱም ሞኒተሮች ጠቁረው የሚመለሱበት ነው። ኤችዲሲፒ የሚባለው የቅጂ መከላከያ ኮምፒውተሩና ሞኒተሮቹ እንዲተዋወቁ ያስገድዳል፤ ያ ትውውቅ ነው የሚያጠቁራቸው። አንዴ ሆኖ ከቆመ ተዉት። በየደቂቃው ከደጋገመው ግን ከአሮጌው ሞኒተር ኬብል ወይም አስማሚ ጀምራችሁ እያንዳንዱን ለብቻው ነቅላችሁ ሞክሩ፤ ከሁለቱ አንዱ እየተስማማ አይደለም።