የኑሮ ደረጃና ጤና፦ ከጽንስ እስከ እርጅና

ድሃ ከሀብታም ቀድሞ ይታመማል፣ ቀድሞም ይሞታል። ይህን የማያውቅ የለም። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ነገሩ በሁለት ጎራ ብቻ የተከፈለ አለመሆኑን ነው። ጤና እንደ ደረጃ ነው የሚወርደው። ከላይ ያለው ከሱ ዝቅ ካለው ትንሽ ይሻላል፣ ያም ከሱ በታች ካለው ይሻላል፣ እንዲህ እያለ እስከ ታች ይደርሳል። ቋሚ ደመወዝና ደህና ቤት ያለው ሰው እንኳ ከአለቃው ይልቅ ለልብ ሕመም የተጋለጠ ነው።

የኑሮ ደረጃ ሲለካ ብዙውን ጊዜ የሚታዩት ገቢ፣ ትምህርትና ሥራ ናቸው። ሦስቱ አንድ አይደሉም። ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ በወጣትነት ያልቃል፣ ከዚያ ወዲህ ብዙም አይለወጥም። ገቢ ግን ይወጣል ይወርዳል፣ ሰው ሲታመምም ይቀንሳል። ጡረታ ለወጣ ሰው ደግሞ ከወር ገቢው ይልቅ ያፈራው ንብረት የበለጠ ይናገራል። ስለዚህ የአንድን ጥናት ውጤት ከማመን በፊት የትኛውን እንደለካ ማየት ደግ ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀደምት መዛግብት

በ1842 ኤድዊን ቻድዊክ የእንግሊዝን ሠራተኞች የኑሮ ሁኔታ የሚገልጽ ሪፖርት አወጣ። በሊቨርፑል የባለሙያዎችና የባለጸጎች ቤተሰብ አማካይ የሞት ዕድሜ 35፣ የነጋዴዎች 22፣ የቀን ሠራተኞች 15 ነበር። ቁጥሩ ይህን ያህል ያነሰው ብዙ ሕፃናት ስለሚሞቱ ነው። በ1848 ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኾ በላይኛው ሲሌሲያ የገባውን የታይፈስ ወረርሽኝ አጥንቶ፣ መድኃኒቱ ትምህርት፣ ነጻነትና የኑሮ መሻሻል ነው አለ።

ከዚያ ወደ 1980 እንለፍ። በብሪታንያ ከ1948 ጀምሮ ሕክምና ለሁሉም በነጻ ይሰጥ ነበር። ብዙዎችም ልዩነቱ በጊዜ ይጠፋል ብለው ጠበቁ። በሰር ዳግላስ ብላክ የተመራው ቡድን ግን ልዩነቱ እንዳልጠበበ በማስረጃ አሳየ። መንግሥት ሪፖርቱን በበዓል ሰሞን፣ በ260 ቅጂ ብቻ አወጣው። ተደብቆ ግን አልቀረም።

የመንግሥት ሠራተኞቹ ጥናት

በዚህ ዘርፍ በጣም የታወቀው ማስረጃ የዋይትሆል ጥናት ነው። በ1967 ለንደን ውስጥ ተጀመረ። ከ17 ሺህ በላይ ወንድ የመንግሥት ሠራተኞች ተመረመሩ፣ ከዚያም ማን በምን እንደሞተ ለዓመታት ተመዘገበ። ሁሉም ሥራ አላቸው። ሁሉም ሕክምና ያገኛሉ። አንዳቸውም የሚራቡ አይደሉም። ሆኖም ዝቅተኛ ደረጃ ላይ የነበሩት፣ መልእክተኞችና የበር ጠባቂዎች፣ በልብ ሕመም የመሞታቸው መጠን ከከፍተኛ ኃላፊዎቹ ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። በመካከል ያሉትም ውጤታቸው በመካከል ነበር።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ ሲጋራ ነው። እውነትም ታችኞቹ የበለጠ ያጨሱ ነበር። ነገር ግን ሲጋራ፣ የደም ግፊትና ኮሌስትሮል ተደምረው የልዩነቱን ግማሽ እንኳ አላብራሩም። ይህ ውጤት የሕክምናውን ዓለም አነጋግሯል፣ ማነጋገርም ይገባዋል።

ማይክል ማርሞት የመራው ሁለተኛው ዙር በ1985 ጀመረ፣ በዚህኛው ሴቶችም ተካተቱ። በጠቅላላው 10,308 ሰዎች ነበሩ። ጥናቱ ትኩረቱን ሥራው ራሱ ላይ አደረገ። ሰው በሥራው ላይ ምን ያህል የመወሰን መብት አለው? የሚል ጥያቄ ተነሣ። ብዙ እየተጠየቁ ምንም የማይወስኑት ሠራተኞች ለልብ ሕመም የበለጠ ተጋልጠው ተገኙ። ከዚህ ውስጥ ስንቱ የሥራ ጫና፣ ስንቱ ከልጅነት የመጣ ነው በሚለው ላይ አጥኚዎች ይለያያሉ።

ነርሶቹ የጻፉት

ስለ ልጅነት የምናውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ቤት ለቤት እየዞሩ ሕፃናትን ይመዝኑ ከነበሩ ነርሶች ነው። ለእነዚህ ሴቶች የሚገባው ምስጋና ተሰጥቷል ለማለት ይከብዳል።

በእንግሊዟ ሃርትፎርድሺር ከ1911 ጀምሮ በኤተል ማርጋሬት በርንሳይድ የሚመራ ቡድን የእያንዳንዱን ሕፃን የልደት ክብደትና የአንድ ዓመት ክብደት በመዝገብ ያሰፍር ነበር። ጡት ይጠባል ወይስ ጡጦ? የሚለውም ይጻፋል። ከብዙ አሥርተ ዓመታት በኋላ ሐኪሙ ዴቪድ ባርከር መዝገቦቹን አገኘ። ባልደረቦቹን ይዞ የ5,654 ወንዶችን ዕጣ ተከታተለ። በ1989 የታተመው ውጤት በአንድ ዓመታቸው ቀላል የነበሩት፣ አድገው በልብ ሕመም የመሞታቸው መጠን ከፍ ያለ መሆኑን አሳየ። ከዚህ የተነሣው ሐሳብ፣ በጽንስነትና በጨቅላነት የተጎዳ አካል ጉዳቱን ይዞ ያድጋል የሚል ነው። በ1944 እና 45 ክረምት በሆላንድ በተከሰተው ረሃብ ወቅት የተጸነሱ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ይህን ይደግፋሉ። የጉዳቱ ክብደት ግን እስካሁን ያከራክራል።

ሌላው ታላቅ ሥራ የ1946ቱ የልደት ክትትል ነው። በማርች ወር በአንድ ሳምንት ውስጥ የወለዱ 13,687 የብሪታንያ እናቶች ተጠየቁ። ጥያቄው መጀመሪያ ስለ ወሊድ አገልግሎትና ወጪው ነበር። ሐኪሙ ጄምስ ዳግላስ ግን በዚያ አላቆመም። 5,362 ሕፃናት ተመርጠው ክትትሉ ቀጠለ፣ እስከ እርጅናቸውም ዘለቀ። አባቶቻቸው የጉልበት ሠራተኞች የነበሩት ልጆች በጎልማሳነታቸው የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ተገኘ። የራሳቸው ኑሮ ከተሻሻለ በኋላም የልጅነቱ ጥላ ጨርሶ አልለቀቃቸውም። በ1958 እና በ1970 ተመሳሳይ ክትትሎች ተጀምረዋል።

እንዴት ይከማቻል?

አጥኚዎች ሦስት መንገዶችን ይለያሉ። አንደኛው ወሳኝ ጊዜ ነው። አካል ሲሠራ ያመለጠው ነገር በኋላ አይተካም። ሁለተኛው መደራረብ ነው። እርጥብ ቤት፣ ደካማ ምግብ፣ ጭስ፣ አድካሚ ሥራ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይጎዳል፣ በ50 ዓመት ግን ድምሩ ብዙ ነው። ሦስተኛው ሰንሰለት ነው። የታመመ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል፣ ያልተማረ ደህና ሥራ አያገኝም፣ ያ ሥራ ደግሞ መልሶ ያሳምመዋል። በእውነተኛ ሰው ሕይወት ሦስቱም አብረው ነው የሚሄዱት።

በሰውነት ውስጥ ከሚታወቁት መንገዶች አንዱ ጭንቀት ነው። የአጭር ጊዜ ጭንቀት ይጠቅማል፣ ሰውን ከአደጋ ያስመልጣል። የኪራይና የዕዳ ጭንቀት ግን ማታም አይለቅም። እንደ ኮርቲዞል ያሉ ሆርሞኖች ዘወትር ከፍ ሲሉ የደም ግፊት፣ ስኳርና የሰውነት መከላከያ ይዛባሉ። አጥኚዎቹ ብሩስ ማክዩንና ኤሊየት ስቴላር በ1993 ይህን የአካል መልፋት «አሎስታቲክ ሎድ» (ተከማችቶ የሚመጣ የጭንቀት ሸክም) ብለው ሰየሙት።

በ1995 ብሩስ ሊንክና ጆ ፌላን ሌላ ነገር አነሡ። በሽታው ቢቀየርም ልዩነቱ ለምን ይቀጥላል? መልሳቸው ግልጽ ነው። ገንዘብ፣ እውቀትና ዘመድ ያለው ሰው አዲስ መከላከያ ሲመጣ ቀድሞ ይጠቀማል። ሲጋራን ይመልከቱ። ጉዳቱ ሲታወቅ ቀድመው ያቆሙት የተማሩት ናቸው።

በሽታ ራሱ ሰውን ያደኸያል የሚል ክርክርም አለ። ልክ ነው፣ በተለይ በከባድ የአእምሮ ሕመም። ይሁን እንጂ የልጅነት ኑሮ የጎልማሳን ጤና ቀድሞ የሚያመለክት ከሆነ፣ ይህ ክርክር ብቻውን አይበቃም።

እርጅና

እዚህ ላይ ሁለት ሐሳቦች አሉ። አንዱ ልዩነቱ በዕድሜ ይሰፋል ይላል። ሌላው እርጅና ሁሉንም ያስተካክላል ይላል። ሁለተኛውን ስናነብ መጠንቀቅ አለብን። ደካሞቹ ድሆች ቀድመው ስለሞቱ፣ በ80 ዓመት የሚለኩት የተረፉት ጠንካሮቹ ናቸው። በአሜሪካ ከ2001 እስከ 2014 ባለው መረጃ፣ በገቢ ከላይ ባለው 1 በመቶና ከታች ባለው 1 በመቶ መካከል የዕድሜ ልዩነቱ ለወንዶች 14.6፣ ለሴቶች 10.1 ዓመት ነበር።

ምን ይለውጠዋል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ያቋቋመው፣ ማርሞት የመራው ኮሚሽን በ2008 ባወጣው ሪፖርት የመጀመሪያ ትኩረቱን ሕፃንነት ላይ አድርጓል። ማስረጃም አለው። በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና በ1972 የተጀመረው የአቤሴዴሪያን ፕሮጀክት 111 ሕፃናትን ይዞ፣ ለተወሰኑት ሙሉ ቀን እንክብካቤ፣ ትምህርትና ምግብ ሰጠ። በ30ዎቹ አጋማሽ ሲመረመሩ፣ በተለይ ወንዶቹ የደም ግፊታቸው ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ነበር። በጓቲማላ ገጠር ከ1969 እስከ 1977 ለሕፃናት ፕሮቲን ያለው መጠጥ ይታደል ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታቸው የጠጡት ወንዶች፣ አድገው የሰዓት ክፍያቸው በ46 በመቶ ከፍ ብሏል።