«ትራንስ ፋት 0 ግራም» ሲባል ምን ማለት ነው?

ማሸጊያው ላይ «ትራንስ ፋት 0 ግራም» የተባለ ምግብ ከዚህ ስብ ፈጽሞ ነጻ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ስለተነሳ ባጭሩ ላብራራው።

ትራንስ ፋት በብዛት የሚፈጠረው ፈሳሽ የአትክልት ዘይት እንዲረጋ ተብሎ ሃይድሮጂን በከፊል ሲጨመርበት ነው፤ በሥጋና በወተት ውስጥም በተፈጥሮው በጥቂቱ ይገኛል። ጉዳቱ አያከራክርም። ጎጂውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ጠቃሚውን ዝቅ ስለሚያደርግ ልብን በሚመግቡ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ስብ እንዲከማች ያግዛል፤ ክምችቱ ተሰንጥቆ በላዩ የረጋ ደም መተላለፊያውን ሲዘጋው ደግሞ ሃርት አታክ የምንለው ድንገተኛ የልብ ሕመም ይከተላል።

ከአገር አገር የሚለያየው የጽሑፉ ደንብ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ፣ ለአንድ ጊዜ ተብሎ በተወሰነው መጠን ውስጥ ያለው ትራንስ ፋት ከ0.5 ግራም ካነሰ «0» ብሎ መጻፍ ይፈቀዳል። እንግዲህ ይህ መጠን ሦስት ብስኩት ነው፣ በውስጡም 0.4 ግራም አለ እንበል። አሥራ አምስቱን ብስኩት ቁጭ ብሎ የጨረሰ ሰው (ማን ሦስት በልቶ ያቆማል?) 2 ግራም ወሰደ ማለት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ያስቀመጠው ጣሪያ ደግሞ 2.2 ግራም ገደማ ነው።

ስለዚህ እኔ ከቁጥሩ ይልቅ የግብዓቶቹን ዝርዝር አምናለሁ። «በከፊል ሃይድሮጂን የተጨመረበት ዘይት» የሚል ካለ ትራንስ ፋት አለ፤ «ሙሉ በሙሉ» የሚል ከሆነ ግን ትራንስ ፋቱ እጅግ ጥቂት ነው፣ የረጋ ስብነቱ እንዳለ ሆኖ።