ችግኙ ተተከለ፤ ምድጃውስ?

ክረምት ሲገባ ወሬው ሁሉ ችግኝ ነው። መሥሪያ ቤቱ ይወጣል፣ ተማሪው ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል። እኔም ወጥቼ ተክያለሁ፤ ዘንድሮም እወጣለሁ። ግን ታክሲ ውስጥም ሆነ ቡና ላይ ስለ አገራችን የአየር ንብረት ፖሊሲ የምሰማው ነገር ብዙ ጊዜ ግማሹ ልክ፣ ግማሹ ስህተት ነው። ስህተቱ ደግሞ ዋናውን ጉዳይ ይሸፍንብናል። ደጋግሜ የሰማኋቸውን ላንሳ።

«እኛ ፋብሪካ የለን፤ ምኑን ነው የምንቀንሰው?»

በእርግጥ አየሩን ከሚያሞቀው የዓለም የጋዝ ልቀት የኢትዮጵያ ድርሻ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ፋብሪካ ስለሌለ ልቀት የለም ማለት ግን አይደለም። መንግሥት በ2004 ዓ.ም. ያወጣው «ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ» የተባለው ስትራቴጂ ሒሳቡን ሠርቶታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የአገሪቱ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። ከዚህ ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የመጣው ከግብርናና ከደን ነው። ኢንዱስትሪና ትራንስፖርት እያንዳንዳቸው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበራቸው።

ላም ስታመሰኳ ሆዷ ውስጥ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይፈጠራል፤ በግሳት ይወጣል። ሚቴን ሙቀትን አፍኖ በመያዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ ይበረታል። በከብት ብዛት ደግሞ ከአፍሪካ አንደኛ ነን። ስትራቴጂው ግን «ላምህን ሽጥ» አይልም። ሐሳቡ አራት የከሱ ላሞች የሚሰጡትን ወተት ከሁለት በደንብ የበሉ ላሞች ማግኘት ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከምንበላው ሥጋ 30 በመቶው የዶሮ እንዲሆንም ያስባል።

«ልቀታችንን በ68.8 በመቶ ከቀነስን እድገት ቀረ ማለት ነው»

ይህ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2021 አገሪቱ ለተባበሩት መንግሥታት ካስገባችው ዕቅድ የመጣ ነው። ብዙ ሰው ዛሬ ካለው ላይ የሚቀነስ ይመስለዋል። አይደለም። ምንም ሳይደረግ እንዲሁ ከቀጠልን እ.ኤ.አ. በ2030 ልቀቱ 403.5 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል ተብሎ ተገመተ። ቅነሳው የሚለካው ከዚያ ግምት ነው።

ደግሞ ከ68.8ቱ በመቶ በራሳችን አቅም እንሠራዋለን የተባለው 14ቱን ነው። የቀረው የውጭ ገንዘብ ሲመጣ ብቻ የሚሠራ ነው። ይህን ምጽዋት የሚሉት ሲያጋጥሙኝ ያመኛል። አየሩን ያሞቁት ሀብታሞቹ አገሮች ናቸው፤ ድርቁ የሚመታው ግን የቦረናን አርብቶ አደር ነው። «ፖሊሲው የፈረንጅ ትዕዛዝ ነው» የሚሉም አሉ። ስትራቴጂው የወጣው የፓሪስ ስምምነት ከመፈረሙ አራት ዓመት ቀድሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በኮፐንሃገን ጉባኤ ስለ አፍሪካ ሆነው የተከራከሩትም አቶ መለስ ዜናዊ ነበሩ።

«ፖሊሲው ማለት ችግኝ መትከል ነው»

አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ተጀመረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። ሕዝብ በአንድ ቀን እንዲህ መነሳቱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የተተከለና የጸደቀ ይለያያል። ሐምሌ ላይ የተተከለውን ጥር ላይ ሄዶ የሚያየው ማነው? ውኃ የሚያጠጣው፣ ከፍየል የሚጠብቀውስ?

አንዳንዴ ደግሞ መትከል ጭራሽ አያስፈልግም። ወላይታ ሁምቦ ውስጥ አንድ ተራራ አለ። ለብዙ ዓመታት ተራቁቶ ሲዘንብ ጎርፍና ደለል የሚለቅ ነበር። ሰዎቹ 2,700 ሄክታር ገደማ መሬት ከልለው ከከብት ንክኪ ነጻ አደረጉት። ከተቆረጠው ዛፍ ሥር ጉቶው ሞቶ አልነበረም፤ ቡቃያ አወጣ። ብርቱውን እየተዉ ሌላውን ገረዙት። ሣሩን ደግሞ እያጨዱ ለከብት ይወስዳሉ። አብዛኛው ደን የተመለሰው እንዲህ ነው። የአካባቢው ማኅበራት ደኑ አምቆ ከሚይዘው ካርቦን 165,000 ቶን ለዓለም ባንክ ፈንድ ለመሸጥ ተዋዋሉ፤ ገንዘቡም ለሠፈሩ ልማት ዋለ።

ፖሊሲው ሌላም ብዙ ነገር አለው። ገበሬው በየዓመቱ በበጋ ወጥቶ የሚሠራው እርከን የአየር ንብረት ሥራ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት እህል ወይም ብር እየተከፈለ የሚሠራው ተፋሰስም እንዲሁ። ካሜራ ስለማይሄድ አናየውም እንጂ።

«ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶው ደን ነበር፤ አሁን 3 በመቶ ቀርቷል»

ይህን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። እኔም ትምህርት ቤት ሸምድጄዋለሁ። የታሪክ ሰዎች ምንጩን ሲፈልጉ ግን ከጀርባው አንድም ልኬት አላገኙም። በዚያን ጊዜ የአገሩን ደን የለካ ሰው አልነበረም። ደጋው ብዙ ቦታ ላይ ቀድሞም የተራቆተ ነበር። በዘመነ ምኒልክ አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ባሕር ዛፍ ከውጭ እስኪመጣ ድረስ ዋና ከተማውን ማዛወር ታስቦ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2016 መንግሥት ለተባበሩት መንግሥታት ያቀረበው የደን ሽፋን ቁጥር 15.5 በመቶ ነው። ይህ የሆነው በከፊል ቁመቱ ሁለት ሜትር የሆነ ጥቅጥቅ ያለ የቆላ እንጨትና ቀርከሃም ደን ተብሎ ስለተቆጠረ ነው። ስለዚህ እፎይ የሚያሰኝ አይደለም። በዚያው ሰነድ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2013 በየዓመቱ ወደ 92 ሺህ ሄክታር ደን እንደጠፋ ተጽፏል። «ደን የለንም፣ አልቋል» ብሎ የሚያምን ሰው ግን ያለውን አይጠብቅም። የምፈራው ይህን ነው።

«የኤሌክትሪክ መኪናም ያው በካይ ነው»

ከሰል አንድደው መብራት በሚያመነጩ አገሮች ክርክሩ ያስኬዳል። እኛ ጋ መብራቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ መከልከሉ ደግሞ ለአየሩ ብቻ ሳይሆን ነዳጅ ለሚበላው ዶላርም ነው። የቻርጅ ጣቢያና የመለዋወጫ ችግር ግን እውነት ነው፤ ከአዲስ አበባ ወጣ ሲሉ ይብሳል።

«መብራታችን ንጹሕ ስለሆነ ጨርሰናል»

ይህ ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ነው። በመጀመሪያ ውኃ ብቻ ላይ መንጠልጠል አደጋ አለው። ግንቦት 2011 ላይ የጊቤ ሦስት ውኃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር። የአዳማና የአሸጎዳ ነፋስ ኃይል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። 5,150 ሜጋ ዋት ያለው ሕዳሴ ግድብ ሥራ ቢጀምርም ዝናብ ዝናብ ነው።

ሁለተኛው ነገር ኩሽናው ነው። ገጠር ያለችው አክስቴ ቤት አምፖል አለ። እንጀራ የሚጋገረው ግን በማገዶ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል፤ የእሷ መስመር አይችለውም። ጭሱ ዓይኗን አስለቅሶ አስለቅሶ አሁን በቀኝ በኩል ብዙም አታይም። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ታነዳለች፤ ያኔ ማሳው ማዳበሪያውን ያጣል።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። ለማገዶ ግን ይህ አይሠራም። «ምርጥ» የሚባለው ከሲሚንቶ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ዘግቶ ይይዛል፤ ከሦስት ጉልቻ አንጻር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃን በየቤቱ ማዳረስ በስትራቴጂው ውስጥ ቅድሚያ ከተሰጣቸው ሥራዎች አንዱ ነው።

አምና ገዝቼ ወሰድኩላት። የመጀመሪያ ቀን ከጋገረች በኋላ የተረፈውን እንጨት እያየች «ይሄ ለሐሙስም ይሆነኛል» አለችኝ። ጎረቤቷ በማግሥቱ መጥታ ዋጋውን ጠየቀች። ወረዳው ላይ የሚሠራ ሰው እንዳለ አጣርቼ እስክነግራት ትጠብቀኛለች።