በሉዋር ሸለቆ በብስክሌት፦ ወንዙን ይዞ እስከ ውቅያኖስ

ፈረንሳይና ብስክሌት ሲነሱ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ቱር ደ ፍራንስ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ውድድር አይደለም። ሻንጣውን ከኋላ ጎማው ግራና ቀኝ አንጠልጥሎ፣ በቀን 40 ወይም 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ፣ ደስ ያለው ቦታ ሲደርስ ወርዶ ዛፍ ሥር ስለሚቀመጥ ተጓዥ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በአውሮፓ ስማቸው ከሚጠራ መንገዶች አንዱ የሉዋር ወንዝን ተከትሎ የሚሄደው ነው። ሉዋር አ ቬሎ ይባላል፤ «ሉዋርን በብስክሌት» እንደ ማለት ነው።

መንገዱ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። መሀል ፈረንሳይ፣ ከኔቬር ከተማ አጠገብ ካለችው ኩፊ ይነሳል። አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር፣ ሴን ብረቨን ላይ ያበቃል። ሥራው የተጀመረው በ1990ዎቹ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ወንዙ የሚያልፍባቸው ሁለት ክልሎች ተስማምተው ጀመሩት። ይህ መንገድ ዩሮቬሎ 6 የሚባለው ትልቅ መስመርም አካል ነው። ዩሮቬሎ 6 ከአትላንቲክ ተነስቶ አሥር አገር አቋርጦ ጥቁር ባሕር ይደርሳል። ስለዚህ መንገድ ዳር ሰማያዊ ምልክት ላይ 6 ቁጥርን ካያችሁ አልጠፋችሁም ማለት ነው።

ሰው ወደ ሉዋር የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ለቤተ መንግሥቶቹ ነው። እውነትም ያምራሉ። ግን በአውቶቡስ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ግቢ የሚዘዋወር ሰው አንድ ነገር ያመልጠዋል ብዬ አምናለሁ። እነዚያ ሁሉ ሕንፃዎች እዚያ የቆሙት ወንዙ ስላለ ነው። ድንጋዩን ያመጣው ወንዙ ነው። ወይኑን የሸጠው ወንዙ ነው። በብስክሌት ስትሄዱ ይህ ሳይነገራችሁ ይገባችኋል፤ ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ ውሃው ከጎናችሁ አይጠፋም።

ሉዋር የፈረንሳይ ረጅሙ ወንዝ ነው፤ ከ1,000 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ከደቡብ ተነስቶ ወደ ሰሜን ይወጣል። ኦርሌያን ሲደርስ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። በበጋ ያየው ሰው «ይሄ ነው እንዴ ያ ትልቅ ወንዝ?» ይላል። ውሃው ይሳሳል፣ ነጫጭ የአሸዋ ደሴቶች ብቅ ብቅ ይላሉ፣ ወፎች እዚያ አሸዋ ላይ እንቁላል ይጥላሉ። የዋህ ይመስላል፤ አይደለም። አሸዋው ከሥር ይንሸራተታል፣ ጉድጓዱም ቦታ ይቀያይራል። ሙቀቱ ቢበረታባችሁም ገብታችሁ እንዳትዋኙ። በየዓመቱ የሚነገር ማስጠንቀቂያ ነው፤ ያለ ምክንያትም አይነገርም።

ዝናብ ሲበረታ ደግሞ ሌላ ወንዝ ይሆናል። በ1846፣ በ1856 እና በ1866 ሦስት ከባድ ጎርፎች ሸለቆውን አጥለቅልቀውታል። ወንዝ ዳር ባሉ መንደሮች በየቤቱ ግድግዳ ላይ አጭር የተቀረጸ መስመር ታያላችሁ፤ ጎኑ ላይ ዓመተ ምሕረት አለ። ውሃው እስከዚህ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ብስክሌታችሁን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርጋችሁ ቀና ትላላችሁ፤ መስመሩ ከራሳችሁ በላይ ነው። ወንዙን ዞር ብላችሁ ስታዩት ታች፣ ሩቅ ነው። ያን ጊዜ ነው የምትነዱበት ከፍታ ለምን እንደተሠራ የሚገባችሁ።

ከፍታው ሌቬ ይባላል። ወንዙን ተከትሎ የተከመረ ረጅም የጎርፍ መከላከያ ካብ ነው። ከአፈርና ከድንጋይ የተሠራ ነው። በአንዤ ከተማ ዙሪያ ባለው በአንዡ አካባቢ ሥራው በ12ኛው ክፍለ ዘመን፣ ያን ጊዜ አንዡንም ይገዛ በነበረው በእንግሊዙ ንጉሥ በዳግማዊ ሄንሪ ዘመን እንደተጠናከረ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ የመጣ ንጉሥ ሁሉ ከፍ አደረገው፤ አስረዘመው። ዛሬ የብስክሌት መንገዱ ብዙ ቦታ ላይ የሚሄደው በዚህ ካብ ጀርባ ላይ ነው። በአንድ በኩል ውሃው፣ በሌላ በኩል ዝቅ ብሎ የጎመንና የሽንኩርት ማሳ፣ የቤት ጣሪያ። ዳገት የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ከልጅ ጋር የሚጓዙ ቤተሰቦችና በዕድሜ የገፉ ሰዎች የሚበዙበትም ለዚህ ነው።

ከባዱ ነገር ነፋሱ ነው። እዚህ አገር ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ፣ ከውቅያኖሱ ይመጣል። ወደ ባሕሩ የሚነዳ ሰው ደረቱን ይገፋዋል። ይህንኑ ነፋስ ግን የድሮ ጀልበኞች ይወዱት ነበር። ሆዳቸው ጠፍጣፋ የሆነ የእንጨት ጀልባዎች ነበሯቸው። ከላይ ወደ ታች ሲሄዱ የወንዙ ፍሰት ይወስዳቸዋል። ሲመለሱ አራት ማዕዘን ሸራ ይዘረጉና የምዕራቡ ነፋስ ሽቅብ ይገፋቸዋል። ጨው፣ ወይን፣ እህል፣ ድንጋይ እንዲህ ተመላለሰ። ባቡር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲመጣ ንግዱ ሞተ። ትልልቆቹ የድንጋይ ወደቦች ግን አሁንም በየመንደሩ አሉ፤ ማንም የማያራግፍባቸው ሆነው። ነፋሱ ያሰለቸው ተጓዥ የጀልበኞቹን ብልሃት መከተል ይችላል፦ በባቡር እስከ ባሕሩ መሄድና ወደ ላይ መንዳት።

መንገዱን ከላይ ጀምሮ ቢያዩት የመጀመሪያው ድንቅ ነገር ብሪያር ላይ ነው። እዚያ ድልድይ አለ፤ በላዩ የሚያልፈው ግን መኪና ሳይሆን ውሃ ነው። በሰው የተቆፈረ የመርከብ ቦይ ሉዋርን በብረት ገንዳ ውስጥ ሆኖ ይሻገራል። 662 ሜትር ይረዝማል። በ1896 ተከፈተ። የድንጋይ ምሰሶዎቹን የሠራው የኤፌል ኩባንያ ነው። በቦዩ ግራና ቀኝ በእግር መሄድ ይቻላል። ጀልባ ከጎናችሁ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ከእናንተም ከጀልባውም ሥር ወንዙ ይፈሳል።

ከዚያ ወረድ ብሎ፣ ብዙ ሰው ሳያያት የሚያልፋት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። መንደሯ ጄርሚኒ ደ ፕሬ ይባላል። ቴዎዱልፍ የሚባል የኦርሌያን ጳጳስ በ806 ያሠራት ናት። ውስጥ ገብታችሁ ከመቅደሱ በላይ ወዳለው ጉልላት ቀና ስትሉ በወርቃማና በሰማያዊ የመስታወት ጠጠር የተሠራ ሥዕል አለ። የሥዕሉ ጉዳይ ታቦተ ቃል ኪዳን ነው። ታቦቱ መሀል ላይ ተቀምጧል፣ በላዩ ሁለት ትንንሽ ኪሩቤል አሉ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ መላእክት ክንፋቸውን ዘርግተው ወደ እሱ ያመለክታሉ። ከመካከላቸው የእግዚአብሔር እጅ ከላይ ይወርዳል። ዘመኑ ሥዕል ይሰገድለት አይሰገድለት እየተባለ የሚከራከርበት ነበር፤ ቴዎዱልፍም የቅዱሳንን መልክ ሳይሆን ታቦቱን መረጠ። ለዘመናት በኖራ ልስን ተሸፍኖ ኖሮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተገለጠ። በታቦት ዙሪያ ላደገ ሐበሻ ይህን ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። እባካችሁ አትለፏት።

ኦርሌያን ትልቅ ከተማ ናት፤ ዣን ዳርክ በ1429 የእንግሊዞችን ከበባ የሰበረችባት። ፓሪስ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ እሑድ ማታ መመለስ ይቻላል።

ዩኔስኮ በ2000 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የሸለቆው ክፍል ከሱሊ እስከ ሻሎን ድረስ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቤተ መንግሥቶቹ የሚበዙት እዚህ ውስጥ፣ ከኦርሌያን በታች ነው። ትልቁ ሻምቦር ነው። ንጉሥ ቀዳማዊ ፍራንሷ በ1519 ያስጀመረው፣ 400 የሚበልጡ ክፍሎች ያሉት ነው። መሀሉ ላይ ሁለት የሚጠማዘዙ ደረጃዎች አንድ ላይ ተጠምጥመው ይወጣሉ። አንዱ ሰው ሲወጣ ሌላው ሲወርድ በመስኮቱ ይተያያሉ እንጂ አይገናኙም። ንጉሡ ግን በዘመኑ ሁሉ እዚያ ያደረው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ሻምቦር ከወንዙ ትንሽ ፈንጠር ይላል። የብስክሌት መንገዱ ወደዚያ የሚታጠፈው ሴን ዲዬ በምትባል መንደር ነው። የሻምቦር ድንጋይ ከጀልባ የተራገፈው እዚሁ ወደብ ላይ ነበር። ከወደቡ እስከ ግቢው በጫካ ውስጥ ስትነዱ ድንጋዩ በጋሪ የሄደበትን ርቀት በእግራችሁ ትለኩታላችሁ።

ብሉዋና ሾሞን ይከተላሉ። አምቧዝ ላይ ግን መቆየት ጥሩ ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1516 በንጉሡ ጥሪ ከጣሊያን መጥቶ የመጨረሻ ሦስት ዓመቱን የኖረው እዚያ ነው። በግንቦት 1519 ሞተ። የኖረበት ቤት፣ ክሎ ሉሴ፣ ከንጉሡ ግንብ በእግር ደቂቃዎች ነው።

ከአምቧዝ ወደ ደቡብ ወጣ ካላችሁ ሽኖንሶን ታገኛላችሁ። እሱ ሉዋር ላይ አይደለም፤ ሼር በሚባለው ገባር ላይ ነው። «ዳር» ሳይሆን «ላይ» ነው፤ 60 ሜትር የሚረዝም አዳራሹ በድልድይ ላይ ተሠርቶ ወንዙን ያቋርጣል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ያ አዳራሽ የቁስለኞች ሆስፒታል ሆነ። በሁለተኛው ጦርነት ጀርመኖች የያዙትን አገር ካልያዙት የሚለየው መስመር ይህንኑ ወንዝ ይከተል ነበር። የአንዱ በር ወገን የተያዘ፣ የሌላው በር ወገን ነፃ ነበር። በዚህ አዳራሽ ሰዎች አምልጠዋል።

ቱር የምትባለው ከተማ ካለፈች በኋላ ሸለቆው ይለሰልሳል። የቪላንድሪ ቤተ መንግሥት በጎመንና በቅጠላ ቅጠል የተነጠፈ የአትክልት ቦታው ያስደንቃል። ካንድ ላይ ቪዬን የሚባለው ወንዝ ሉዋርን ይቀላቀላል። መጎናጸፊያውን ለድሃ ቆርጦ የሰጠው ቅዱስ ማርቲን በ397 ያረፈው በዚህች መንደር ነው። ከዚያ ወደ ሶሚዩር ነጭ ገደል ይመጣል። ድንጋዩ ቱፎ ይባላል። ለስላሳ ስለሆነ በመጋዝ ይቆረጣል። ብዙዎቹ ቤተ መንግሥቶች ነጭ የሆኑት በእሱ ነው። ተቆርጦ የወጣበት ዋሻ ደግሞ ለወይን ማስቀመጫ፣ ለእንጉዳይ ማብቀያ፣ ለመኖሪያም ሆነ። ሱዜ ሻምፒኒ ላይ የብስክሌት መንገዱ ራሱ ገደሉ ውስጥ ይገባል። ከፀሐይ ወደ ጨለማ፣ ከሙቀት ወደ ብርድ በአንድ ጊዜ። በዋሻው ውስጥ የቤት በር፣ የጭስ መውጫ፣ መስኮት አለ። ፍሬናችሁን ያዝ አድርጋችሁ ቀስ በሉ።

ምግቡን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በዚህ አካባቢ የፍየል አይብ እንደ ዳቦ ነው። ሴንት ሞር የሚባለው እንደ ግንድ ረዘም ያለ፣ ላዩ አመድ የተነሰነሰበት ነው፤ መሀሉን አንድ የገለባ አገዳ ይወጋዋል። ስትቆርጡት ገለባውን ቀድማችሁ ወደ ጎን መሳብ አለባችሁ። እሱና ትኩስ ዳቦ ለምሳ ይበቃሉ።

አንዤ ላይ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተሸመነ ግዙፍ መጋረጃ አለ። የዮሐንስን ራእይ በሥዕል የሚተርክ፣ 100 ሜትር ያህሉ እስከ ዛሬ የቆየ ነው። ናንት ደግሞ የወንዙ ንግድ መራራ ገጽ ይታይባታል። ከፈረንሳይ ወደቦች የባሪያ ንግድ በብዛት የተካሄደው ከእሷ ነበር። በ2012 ወንዙ ዳር የባርነትን መወገድ የሚያስብ መታሰቢያ ተከፈተ። መሬት ላይ የተነጠፉት 2,000 የመስታወት ሰሌዳዎች በአብዛኛው የእነዚያን መርከቦች ስምና የጉዞ ዓመት ይዘዋል። ብስክሌት ይዞ በዝምታ የሚታለፍ ቦታ ነው።

ስለ መንገዱ ተግባራዊ ነገር ብዙ የሚያስጨንቅ የለም። አንዳንዱ ቦታ አስፋልት፣ አንዳንዱ ቦታ የተጠቀጠቀ ጠጠር ነው፤ ቀሪው መኪና የማይበዛበት የገጠር መንገድ ነው። ከሚያዝያ እስከ መስከረም መሄድ ይሻላል። ሐምሌ ይሞቃል፤ በጸደይ ደግሞ ውሃው ሞልቶ ዝቅ ያለው መንገድ ሊዘጋ ይችላል። «አከይ ቬሎ» የሚል ምልክት ያለበት ማደሪያ ከመንገዱ ከ5 ኪሎ ሜትር አይርቅም፤ ብስክሌት የሚቆለፍበት ቦታና የመጠገኛ ዕቃም አለው። ትርፍ ካላማዳሪና መንፊያ ግን ራሳችሁ ያዙ። ሙሉውን ለመጨረስ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ጊዜ ለሌለው ሰው እኔ ብጠየቅ ከብሉዋ እስከ ሶሚዩር ያለውን እመርጣለሁ። ወንዙ ዳር አራት የኑክሌር ኃይል ማመንጫዎች እንዳሉም እወቁ። እንፋሎታቸው ከሩቅ ይታያል፤ የማቀዝቀዣ ውሃቸውን የሚሰጣቸውም ይኸው ወንዝ ነው።

ከናንት በኋላ ወንዙ ይሰፋል፣ ውሃው ጨው ጨው ይላል፣ ማዕበሉ ይገባል ይወጣል። በ1975 የተከፈተው፣ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የሴን ናዜር ድልድይ ከፊት ይታያል። ሴን ብረቨን ላይ መንገዱ አሸዋው ጋ ያልቃል። እዚያ ውሃው ዳር ሁዋንግ ዮንግ ፒንግ የሚባል ሠዓሊ በ2012 ያቆመው የእባብ አጽም አለ። ከአልሙኒየም የተሠራ፣ 130 ሜትር የሚረዝም። ባሕሩ ሲሞላ ግማሽ አካሉን ውሃ ይውጠዋል። ሲሸሽ የጎድን አጥንቶቹ ሁሉ ይወጣሉ፤ ሰዎችም ብስክሌታቸውን አቁመው በመካከላቸው ይመላለሳሉ።